በግራ ጎኔ የተኛሁበት ዘመን

እሑድ፣ መጋቢት 9

ይድረስ ለውዱ የልጄ አባት፣

እንደምን ከረምክ? ሥራው፣ ጤናው፣ ያ ወገብህስ? እኛ ደህና ነን። ልጃችን ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። ከሄድክ ስምንት ወር ሙሉ በእሷ በኩል ብቻ "ደህና ነው ወይ፣ ደህና ናት ወይ" መባባሉ ሰልችቶኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ማክሰኞ ዕለት የሰው ቤት መጋረጃ ልሰቅል በርጩማ ላይ እንደወጣሁ ዞረብኝና ከነጨርቁ ዘጭ አልኩ። አትደንግጥ፣ ክርኔ ብቻ ነው የተላጠው። የቤቱ እመቤት እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። እዚያ ማዞር የምታክም አንዲት ልጅ እግር ባለሙያ አለች።

"እትዬ፣ ወደየት ሲገላበጡ ነው የሚብስብዎ?"

"ወደ ቀኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ከካቻምና ጀምሮ ነዋ። አንተ ሳትሄድ።

በጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ፣ ከአሸዋ የደቀቁ ነገሮች አሉ አለችኝ፤ የኔዎቹ ቦታቸውን ስተዋል። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ። መዳፏን አሻሽታ አሞቀችና ጭንቅላቴን እንደ እንቁላል ይዛ፣ ወደ ቀኝ አዙራ በጀርባዬ አስተኛችኝ። ጣራው ተሽከረከረ! "ወደቅሁ!" ብዬ ጮህኩ።

"ይዤዎታለሁ፣ ዓይንዎን አይጨፍኑ።"

ጋብ ሲልልኝ ቀስ አድርጋ ወደ ግራ መለሰችኝ፤ በጎኔ አስተኝታ ቀና አደረገችኝ። ስቆም ወለሉ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። አለቀስኩ።

ያቺ ጠባብ አልጋችን ትዝ አለችኝ። ፊት ለፊት ተኝተን አንተ የሥራ ጓደኞችህን የአናጢዎቹን ወሬ ስታወራ፣ እኔ ልጅቷ እንዳትነቃ ትራስ ነክሼ ስስቅ። በኋላ ጀርባዬን ሰጠሁህ። "ምን አጠፋሁ?" ስትለኝ "ደክሞኛል፣ ተኛ በቃ" እልህ ነበር። ጠልታኛለች ብለህ ሄድክ፤ አልፈርድብህም። ወደ አንተ በተገላበጥኩ ቁጥር ቤቱ ይዞርብኝ ነበር። ብነግርህ በርጩማ ላይ መውጣት ትከለክለኛለህ፣ ሥራዬ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። እልኸኛነቴን ታውቀዋለህ።

ባለሙያዋ ሕመሙ ሊመለስ ይችላልና ቤት ውስጥ ጭንቅላት የሚይዝልዎ ሰው አያያዙን ይማር አለች። ጎረቤታችን "እኔ አለሁልሽ" ብላ ነበር። የሷን እጅ አታውቀውም እንዴ? ልብስ የምትጨምቅ ነው የሚመስላት!

ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ አራት ሰዓት ነው። ባለሙያዋ "ማን ይመጣል?" ስትለኝ "ባለቤቴ" ብያታለሁ።

ጤናህን ይጠብቅልኝ። በመንገድህ ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ።

ሚስትህ