ለፉሪ ጉሬዛዎች ሙሾ ያወረዱት መምህርት ሙፊዳ ጀማሉዲን

የሀና ማርያምና ፉሪ አካባቢ ገጣሚያን ማኅበር፣ መሥራች አባሉ መምህርት ሙፊዳ ጀማሉዲን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በዚህ ሳምንት ከመካከላችን በሞት በመለየታቸው የተሰማውን ጥልቅ ኀዘን ይገልጻል።

መምህርት ሙፊዳ በአካባቢያችን በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አማርኛ አስተምረዋል። ግጥሞቻቸው በሰው እጅ መኖሪያቸውን ላጡ የዱር እንስሳት የወረዱ ሙሾዎች ነበሩ። ለጅቡም ለጭልፊቱም ገጥመዋል። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን በሰፈራችን ወንዝ ዳር ባሉ ዛፎች ላይ ይኖሩ የነበሩትን ጉሬዛዎች ነበር፤ ነጭ ካባቸውን እያዩ «ሙሽሮቼ» ይሏቸው ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ዛፎቹ ለቤት ግንባታ በብዛት ሲቆረጡ፣ ልጇን ያቀፈች ጉሬዛ አስፋልት ስትሻገር በመኪና ተገጭታ ሞተች። ልጇም አልተረፈም። መምህርት ሙፊዳ ሁለቱንም በሻርፓቸው ጠቅልለው ከመንገድ አነሱ።

በዚያው ዓመት አንድ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ቀሪዎቹን ዛፎች ለማስቆረጥ ሲሰበሰብ መምህርት ሙፊዳ ሳይጠሩ ሄዱ። ሰብሳቢው አቶ ደገፋ፣ «መምህርት፣ ለጉሬዛ ብለን እስከ መቼ በኪራይ ቤት እንኑር?» አሏቸው።

«ሥሩ እንጂ፣ ማን ከለከላችሁ? እኔ የመጣሁት ለቅሶ ልደርስ ነው» ብለው ማንበብ ጀመሩ፦

ቤት ሠራን እያልን ደስ ሲለን በጋራ፣
ቤት የፈረሰባት ወደ ማን ትጣራ?

አንብበው ሲጨርሱ አቶ ደገፋ፣ «በሉ፣ በወንዙ በኩል ያሉትን እንተዋቸው» አሉ፤ አባላቱም ተስማሙ። ዛፎቹ ሲቆረጡ የሸሹት ጉሬዛዎች ግን አልተመለሱም። ይህ መምህርትን እስከ መጨረሻው ይቆጫቸው ነበር። ቢሆንም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ከተማሪዎቻቸው ጋር ዝግባና ወይራ እየተከሉ ቦታውን አስፍተዋል። ዛሬ ወፎች ይሰፍሩበታል።

በማኅበራችን መድረክ ጀማሪ ገጣሚ ሲያነብ፣ ግጥሙ ቤት ባይመታ እንኳ ከፊት ወንበር «ይበል!» የሚሉት እሳቸው ነበሩ።

በሕመማቸው ወቅት ስለ ጥንብ አንሳ መመናመን የገጠሙትን የምትጽፍላቸው ልጃቸው መርዋ፣ «እማዬ፣ አሁንስ ስለ ራስሽ ግጠሚ» ብትላቸው፣ «እኔማ አልቃሽ አላጣም፤ እነሱ ናቸው የሌላቸው» ብለዋታል።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለአቶ ዑስማን፣ ለልጃቸው ለመርዋ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ብርታቱን ይመኛል። አላህ በጀነት ያኑራቸው። እንዳሉትም አልቃሽ አላጡም።

የሀና ማርያምና ፉሪ አካባቢ ገጣሚያን ማኅበር
ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ