አስካለ ለምን ቀረች?

ሰኞ

አስካለን ከቡድኑ አስወጧት። ለጋዜጣዬ ልጽፈው ብዬ ብደውል፣ አሰልጣኟ «አሟታል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ትናንት ጠዋት በሰፈራችን፣ በጎፋ መንገድ ስትሮጥ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ የታመመ ሰው እንደዚያ አይሮጥም። ከባርሴሎና ኦሊምፒክ ወዲህ ስለ ሴት ሯጮቻችን የማይፎክር ባለሥልጣን የለም። ለዓለም አገር አቋራጭ ሊሄዱ ሳምንት ሲቀር አንዷን ሲያስቀሯት ግን ምክንያቱን የሚናገር ጠፋ።

ባሏን ጠረጠርኩ። የተጋቡት ጾሙ ሊገባ ሲል ነው። አዲስ ሙሽራ ሚስቱን ውጭ አገር መላክ ላይወድ ይችላል።

ማክሰኞ

ባሏ ታደሰ የታክሲ ሾፌር ነው። ጋቢና ገብቼ ጠየቅኩት።

«እኔ? ጋሼ ሙት፣ እሷን ማን ያስቆማታል!» ብሎ ሳቀ። አላመንኩትም። ልወርድ ስል ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «አርግዛለች አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ባል ከሰው አፍ ይሰማል?» አለኝ።

ረቡዕ

ሜዳ ሄድኩ። አሰልጣኙ በመጨረሻ ተናገረ፤ ልምምድ ላይ አዙሯት አስመልሷታል።

«አዲስ ሙሽራ ናት። እኔ የአምስት ልጆች አባት ነኝ፤ ምልክቱን አውቃለሁ።»

«ጠየቅካት?»

«ይሄ ይጠየቃል እንዴ?»

ከሰዓት በኋላ እሷ ቤት ሄድኩ። ተናዳለች።

«እርጉዝ አይደለሁም፣ ጋሼ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ በባዶ ሆዴ እሮጣለሁ። ከወንዶቹ ደረጀም በጾም ወድቋል። እሱን ‹ጎበዝ ጾመኛ› ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡት።»

ሐሙስ

ለአሰልጣኙ ነገርኩት። አሰብ አደረገና «የሐኪም ወረቀት ታምጣ» አለ።

«ደረጀስ?»

«ደረጀ ወንድ ነው» አለኝ። ከዚህ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አልመሰለውም።

ወረቀቱን አምጥታ እንድትሄድ መከርኳት። «እርስዎም?» አለችኝ።

ዓርብ

ደረጀ ነገሩን ሰምቶ ኖሯል። ጠዋት በሜዳው መሐል፣ «እኔም ወድቄያለሁ፤ አብረን እንመርመር» ብሎ ጮኸ። ሯጮቹ «ስንት ወርህ ነው?» እያሉ በሳቅ ፈረሱ። እሷም ስትስቅ አየኋት። ክሊኒክ አብረው ሄዱ። ሐኪሙ ለሁለቱም ያዘዘው አንድ ነገር ነው፤ ምግብ። የንስሐ አባቷም ውድድሩ እስኪያልፍ እንድትበላ ፈቅደውላታል።

ቅዳሜ

ትሄዳለች ተባለ። አውሮፕላኑ ውስጥ ስትገባ ካላየሁ አላምንም። አሰልጣኙ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«እንግዲህ ካሸነፈች ይህን ጉዳይ አትጽፈውም፣ አይደል?»

«ብትሸነፍስ? ስላገባች ነው ልትሉ ነው?»

ፊሽካውን ነፍቶ ወደ ሯጮቹ ሄደ።