ሐኪሙን የሚጠብቀው ድንጋይ

ይድረስ ለሲሳዬ፣ ደህና ነህ ወይ ብዬ ለማልጠይቅህ ባሌ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጣሪያው አንተን ሲያጣ ማፍሰስ ለምዷል። በሬህ አርጅቶ ጨዋ ሆኗል፤ አሁን የሚጣላው ከዝንብ ጋር ብቻ ነው። የእኔ ምላስ ግን አላረጀም።

ትርፍ አንጀትህን ያወጣልህ ሐኪም ቤት፣ ካሳ መጠየቄን ሲሰማ «የእግዜር ሥራ ነው» አለኝ። ሌላ ሆስፒታል ወስደን ዳግመኛ ሲከፍቱህ ከሆድህ የወጣውን ፋሻ እኮ በዓይኔ አይቻለሁ! መላእክት ላሊበላ ላይ ድንጋይ ሲጠርቡ አደሩ ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ዕቃቸውን ረስተው ሄዱ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ላኩብኝ፤ የነፍስ አባታችንና ሁለት አዛውንት። «ልጄ፣ የሞተ አይመለስ፤ ክሱን ተይውና እርቅ ይውረድ» አሉኝ። ጠላ ቀዳሁላቸውና «እሺ አባቶቼ፣ በዳዩስ የት አሉ?» አልኩ።

«ዶክተሩ ሥራ በዝቶባቸው ነው።»

«ድንጋዩስ?»

ጠላቸውን ማየት ጀመሩ።

በሬህ የጎረቤታችንን የአያ ደሳለኝን ላም ወግቶ የገደለ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ማንም ሳይልክህ ጊደራችንን ነድተህ፣ ድንጋይ ጫንቃህ ላይ አድርገህ ደጃፋቸው ቆምክ። ከሁሉ አስቀድመህ «የእኔ በሬ ነው» አልክ። ማታ ትከሻህን ቅቤ እያሸሁ «ትንሹ ድንጋይ አይበቃም ነበር?» ብዬ ስስቅብህ፣ «ትንሽ ድንጋይ ትንሽ ይቅርታ ነው» አልከኝ።

እናም ለአጥራችን ከፈለጥከው ድንጋይ ትልቁን አሳየኋቸው። «ይችን አድርሱልኝ። ዶክተሩ ተሸክመዋት ይምጡና ‹ፋሻውን የረሳሁት እኔ ነኝ› ይበሉ። ስለ ካሳው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

አንደኛው አዛውንት ሊያነሷት ሞከሩና «ኧረ በማርያም፣ ይቺማ ሰው ትገድላለች!» አሉ።

«ፋሻም ይገድላል፣ አባቴ» አልኳቸው።

የነፍስ አባታችን ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ መስቀላቸውን አሳልመውኝ «በርቺ» አሉኝ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ቀስ ብለው።

ክሱን አልተውኩትም፤ ቀጠሮው ከመስቀል በኋላ ነው። ድንጋዩ ደጃፋችን ላይ ተቀምጧል። ዝናቡ ጭቃ ባለበሰው ቁጥር እጠርገዋለሁ፤ ዶክተሩ ሲመጡ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።

አንተን ለማስታወስ ድንጋይ አያሻኝም፣ ሲሳዬ። ድንጋዩ ለረሱት ነው።