ለለማኙ ሳቅ አንድ ፍቺ ብቻ ለፈቀዱልን ኃላፊ

ኩን ራፒድስ፣ ሚኒሶታ፣ ፌብሩዋሪ 2018

ለተከበሩ የልጄ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የዘንድሮው ብርድ ቤትዎን ሳይደፍር እንዲያልፍ እመኛለሁ። እኔ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅመ ደካማ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር የምገፋው፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ የማዕዶት አባት እንግዳ ነኝ።

ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፉ የእንግሊዝ ተረቶችን ለዛሬ ልጆች እንዲገቡ ብላችሁ በቀላል እንግሊዝኛ አዘጋጅታችሁ ማደላችሁ እጅግ ያስመሰግናችኋል። እኔ ራሴ የተረዳኋቸው በእናንተው መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ፦

1. በአንደኛው ተረት አንድ ባላባት በበረዶ ቀን ለማኝ ከደጁ ሲያባርር ለማኙ ይስቃል። የጥንቱ ተራኪ ለምን እንደሳቀ አልነገረንም። እናንተ ግን ለአንባቢው አዝናችሁ «ደስ ስላለው» የሚል ጨምራችሁበታል። በሚኒሶታ ጥር ከደጅ ተባሮ ደስ የሚለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ምናልባት የእርስዎ ደጅ ይሞቅ ይሆናል።

2. በልጅነቴ ጥቂት ዓመታት ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቤት ተምሬያለሁ። እዚያ የግዕዙ ንባብ ከተነበበ በኋላ መምህሩ ፍቺውን በአማርኛ ይሰጣሉ፤ ቀጥለው «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። እኔና ማዕዶት ተረቶቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ያነበብነው በዚሁ መንገድ ነበር። ስለዚህ በፈተናው ላይ «ለማኙ ለምን ሳቀ?» ተብላ ስትጠየቅ ሦስት ፍቺ ጻፈች፦ በባላባቱ ንፉግነት ተሳልቆ ነው፤ አንድም የባላባቱን መጨረሻ ዐውቆ ነው፤ አንድም ላለማልቀስ ነው። አራሚው አስቀድሞ ከተዘጋጀው መልስ ጋር አመሳክሮ «ጥያቄው አልገባትም» ሲል ዜሮ ሰጣት፤ እናንተም በዚያው ሳምንት ከከፍተኛው የሥነ ጽሑፍ ክፍል አውጥታችሁ ማንበብ ለሚቸግራቸው ድጋፍ ወደሚሰጥበት ክፍል አዛወራችኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቅጽ በትሕትና ተሰጥቶኝ ተመለስኩ። ቅጹ ላይ ይህን የሚጻፍበት ቦታ የለም።

3. ባለፈው ቅዳሜ መጽሐፉን ይዤ ስጠብቃት «ባባ፣ ፕሊስ፣ ከእንግዲህ ሄልፕ አታድርገኝ» አለችኝ። እንዳይከፋኝ ብላ እንደ ወትሮዋ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ መናገሯ ይበልጥ አንጀቴን በላው። ወርጄ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን ለየጥያቄው አንድ አንድ መልስ ብቻ ትጽፋለች፤ ሙሉ ውጤት ታመጣለች፤ «ለምን?» ብላ መጠየቅ ትታለች። ይህን እንዴት እንደማቃና አላውቅም፤ ለዚህ ላበቃችሁን ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከማይጓደል አክብሮትና ምንም ካልፈየደልኝ ትዕግሥት ጋር፣

እንግዳ፣ የማዕዶት አባት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር በወላጆች ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ ለማይችሉት ወላጅ ለወይዘሮ ሰገነት አስተርጓሚ ብታጡ፣ ማዕዶትን ከዚያው ከድጋፍ ክፍሏ ጠርታችሁ አራት ገጽ ደብዳቤያችሁን አስተርጉማችኋታል፤ አንድም ነገር እንዳልሳተች ወይዘሮዋ በደስታ ነግረውኛል። ይህን ደብዳቤ ለማስተርጎም ግን እባክዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ማልቀሴን አታውቅም።