የወንድምሽ ላፕቶፕ

እህትዓለም፣

መኪናው ስለመጣ ሳልሰናበትሽ ሄድኩ። የቤቱን ቁልፍ ጫማ መደርደሪያው ላይ ታገኚዋለሽ።

ትምህርት ስትጀምሪ የወንድምሽን ላፕቶፕ ይዘሽ አትሂጂ፤ ባትሪው አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አይዘልቅም። ቀለል ያለ፣ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ሲጫንበት የማያስቸግር ሌላ ላፕቶፕ ግዢ። መልኩ አያታልልሽ።

የሱን ትናንት አፕዴት አድርጌዋለሁ። «እሱ እንደተወው ይቆይ» ማለትሽን አልረሳሁም። ግን እሱ ከሞተ ወዲህ ላፕቶፑ ምንም ሳይታደስ ኢንተርኔት ላይ መዋሉ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው፤ እሱ ቢያይ ሁለታችንንም አይምረንም ነበር። ፎቶዎቹም ድምፁም አሉ፤ ምንም አልጠፋም። ከእንግዲህ አፕዴት ላድርግ ወይ ሲልሽ እሺ በዪው።

ሰው ሁሉ አንቺንና እናትሽን «እግዜር ያጽናችሁ» ሲል እኔ ጓዳ ሻይ ስቀዳ ነበር። እጮኛ ሐዘንተኛ አይባልም መሰለኝ።

ይሁን።

የይለፍ ቃሉንም ቀይሪው፤ አጭር ስለሆነ ማንም ይደርስበታል። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀሽኝ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ብቻችንን ስንሆን የሚጠራኝ ስም ነው። እኔው ልቀይረው ብዬ ተቀምጬ፣ እጄ እምቢ አለኝ።