ትንፋሽ የሚያሰማው ዴክ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከእራት በኋላ

ሁለተኛው ዴክ አይሆንም። ዘፋኟ "ሰ" ባለች ቁጥር የጋለ መጥበሻ ላይ ውሃ ጠብ ያለ ይመስላል። ቸስ፣ ቸስ። ማሲንቆው ማሲንቆነቱ ቀርቶ ቆርቆሮ ላይ የሚጎተት ምስማር ሆኗል። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት። ያው ነው። የ5ኛ "ለ" ክፍል ደብተር ሳይታረም ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። ነገ እንጃ።

ዝም ስላልኩሽ አትቀየሚኝ፣ ማስታወሻዬ። ዕቁቡ ደረሰኝና ለቤቱ ሳይሆን ለራሴ አንድ ነገር ልግዛ አልኩ። ሙዚቃ መስማት አማረኝ። ሰይድ፣ ከሸዋ ሮቢት ዕቃ እያወጣ ዘመሮ ገበያ የሚሸጠው ደንበኛዬ፣ ሦስት ዲቪዲ ዴክ አምጥቶ ቤቴ ጣለልኝ። ሞክሪና የወደድሽውን አስቀሪ፣ ሌሎቹን መልሺ አለ። ሦስቱም ርካሽ ናቸው። ሦስቱም ከአንድ ባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ግን አንዱ እንደ አንዱ አይደለም። ይህን ማን ያምናል?

አፈታተሼ፦ ቴፑ አንድ (ካሴት መጉረሻው ተሰብሯል፣ ሌላው ጤነኛ ነው)። እስፒከሮቹ እነዚያው። ዲስኩ ያው። የሚቀየረው ዴኩ ብቻ። ድምፁንም እኩል አደርጋለሁ፤ የጮኸ ሁሉ ያማረ ይመስላልና።

የእስፒከሮቹን ሣጥን ከጽድ የሠራልኝ ባለቤቴ ደምሴ ነው። አናጺ ነው፣ እጁ ይባረክ። ሣጥኑን ሠርቶ ሰጠኝ እንጂ ዘፈን ሲከፈት ተነሥቶ ይወጣል። ዛሬም ወጣ። ድሮ በጦሩ የኪነት ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ነበር ይላሉ። "ይላሉ" የምለው ሲዘፍን ሰምቼው ስለማላውቅ ነው። የተጋባነው ጦሩ ተበትኖ እሱ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ግራ ጆሮው አይሰማም። መድፍ ነው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከሰዓት

የመጀመሪያውን፣ ትልቁን፣ ደገምኩት። ያምራል ለዓይን። ብርማ ነው፣ መብራቱ ሰማያዊ። ጎረቤታችን መምህር ጌትነት (ስፖርት ያስተምራል) መጥቶ ሰማና ደረቱን እየመታ እዚህ ድረስ ይገባል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ባሱ ይገባል። የብርጭቆ መደርደሪያዬ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ዘፋኟ ግን ከጋን ውስጥ ነው የምትዘፍነው። ቃሉን ቀድሜ ስለማውቀው ነው እንጂ ምን እንዳለች አይለይም። ይህን ስለው ጌትነት ሳቀ፤ ዘፈን የሚጨፈርበት እንጂ የሚታረም ደብተር አይደለም አለኝ።

ተናደድኩ። ሲሄድ ደግሞ ልክ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ምን ፈልጌ ነው እንዲህ የምለፋው?


ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ማታ

ማስታወሻዬ፣ ተገኘ!

ሦስተኛውን ንቄው ነበር ለመጨረሻ ያቆየሁት። ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ያህል ቀላል። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ተንጋዶ ታትሟል። ዲስክ መያዣው ሲወጣ መሐል ላይ ይቆምና በጣት ካልሳቡት አይመጣም። ሪሞቱ ካልተመታ አይሠራም። ሰይድም ሲያወርደው "ይሄ እንኳ ለቁጥር ነው" ብሎኝ ነበር።

ከፈትኩት። ዝም አለ። ከዚያ ዘፋኟ ቤቴ ገባች።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁ። ትንፋሿን! ይህን ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ትንፋሽ እንዳለው አላውቅም ነበር። ማሲንቆው የፈረስ ጭራ መሆኑ ይታወቃል፤ ጭራ በጭራ ሲፋተግ፣ የመቺው ጣት ሲንሸራተት። ከበሮው አይጮኽም፤ ግን ቆዳ ነው፣ እጅ ያረፈበት ቆዳ። አጃቢዎቹ ከኋላ ናቸው፤ ከኋላ መሆናቸው ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያች ቆርቆሮ እንዴት ይወጣል? ማን ነው የሠራት? አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ጆሮ ያለው ሰው፣ ቀፎው ላይ ቆጥቦ እዚህ ላይ ግን እምቢ ያለ። እጁን ብስመው ደስ ይለኛል።

ጉድለቷን ልደብቅ አልችልም። ባሷ ቀጭን ነው። በዘፈንና በዘፈን መካከል ሞተሯ እንደ ዝንብ ጥዝ ትላለች። ጌትነት አይወዳትም። አይውደዳት።

ደምሴ ከሥራ ቤቱ ሲመጣ በር ላይ ቆም አለ። ወትሮ ኮፍያውን አንሥቶ ይመለሳል። ዛሬ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ገበያ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ገብሱ ታጭዶ ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። ሰይድ ድንኳኑ ሥር ነበር። ሦስተኛዋን መረጥኩ ስለው አላመነኝም። ከዚህኛው ነው የማላተርፈው፣ ደግሞም ዓመት ስለመክረሟ አልምልልሽም፣ ትልቁን ውሰጂ አለኝ። ቅን ሰው ነው። ስለ ትንፋሹ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ፤ አባቱ መንዙማ ሲሉ መሐል ላይ የሚስቡትን ትንፋሽ እንደሚወድ አጫወተኝ። እኔና እሱ በዴክ ሰበብ ይህን ያህል ስናወራ የመጀመሪያችን ነው።

ያኔ ስለ ደምሴ ነገርኩት። ሸዋ ሮቢት አንድ ሙዚቃ ቤት የድሮ ካሴቶችን ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ የጦሩን የኪነት ቡድኖች ዘፈንም ሳላይ አልቀርም፣ እጠይቅልሻለሁ አለኝ። ለደምሴ ሳልነግር እሺ አልኩ። ልክ ሠርቼ ይሆን?


ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ 11 ሰዓት ገደማ

ዲስኩ መጣ። በሹፌር ነው የላከው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ "የድሮ ኪነት" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ስም የለውም። የክፍለ ጦሩን ስም ነግሬው ስለነበር ሰይድ በሱ ጠይቆ ነው ያገኘው።

በሦስቱም ሰማሁት። በትልቁ ወንዶቹ ሁሉ አንድ ጉብታ ናቸው። በሁለተኛው ሁሉም ጉንፋን ይዟቸዋል። በትንሿ ግን ተለያዩ። አራት ወንዶች። አንዱ መሪ። አንዱ ቀጭን ድምፅ፣ ከላይ ከላይ የሚሄድ። አንዱ ወፍራም። አራተኛው...

አራተኛው ከመግባቱ በፊት ትንፋሹን በአፍንጫው ይስባል፤ አጠር አድርጎ፣ ሁለቴ። ደምሴ ከባድ ጣውላ ሊያነሣ ሲል እንዲህ ነው የሚተነፍሰው። ጠዋት ጠዋት ከጓዳ ሆኜ የምሰማው ነው። እሱ ነው። ባሌ ነው፣ ማስታወሻዬ። ያን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ ድምፁን ዛሬ ሰማሁት። ለስላሳ ነው። እንዲህ ለስላሳ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ስለ ደጋ አገርና ስለ ቀረች ልጅ የሚል ዘፈን ነው። ተቀምጬ አለቀስኩ።

እሱ መግባቱን አላየሁም። መላጊያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"ዝጊው" አለኝ።

ዘጋሁት። ወጣ። አሁን ከሥራ ቤቱ ምንም ድምፅ አይመጣም፤ መዶሻም የለ። ምነው እጄን በቆረጠው።


ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ስንመለስ ጋቢውን ሳያወልቅ እስፒከሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ቀኝ ጆሮውን አዙሮ። ክፈቺው አለኝ።

አንዴ ሰማው። ደገመው። ከዚያ ማውራት ጀመረ፤ እኔም እንዳላቋርጠው እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መሪው ማን እንደነበረ፣ ወፍራሙ ዛሬ አዲስ አበባ ሾፌር እንደሆነ ነገረኝ። ያ ከላይ ከላይ የሚሄደው ቀጭን ድምፅ የጌታሁን ነው። የግሼ ልጅ፣ ከራቤል ወዲያ። አልጋቸው ጎን ለጎን ነበር። ዘፈኑ በተቀዳ በዓመቱ በመጨረሻው ጦርነት ሞተ። የደምሴን ጆሮ የወሰደው መድፍ ነው እሱን የወሰደው።

አንድ ቦታ ላይ አስቆመኝ። መልሽው አለ። መለስኩ።

"እዚህ ጋ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር" አለ። "ጌታሁን ነው የያዘልኝ።"

አዳመጥኩ። እውነት ነው። የደምሴ ድምፅ ሊወድቅ ሲል ያ ቀጭኑ ከላይ ወርዶ ከሥሩ ይገባል፣ ያቆመዋል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቅጽበት ናት። በትልቁ ዴክ ጨርሶ አትሰማም፤ ቀይሬ አረጋገጥኩ። ደምሴም ራሱ ጌታሁን ያኔ መያዙን ቢያውቅም እንዲህ አጥርቶ ሰምቶት አያውቅም፤ ጦር ሰፈር ውስጥ ካሴቱ የሚሰማው በአደባባይ ድምፅ ማጉያ ነበር።

ከዚያ ነው ስለ እናትየው የነገረኝ። እማማ ብርቄ ይባላሉ። በሕይወት አሉ። መርዶው ተነግሯቸዋል፤ ሬሳ አላዩም፣ ፎቶም የላቸውም። እሱ ግን አንድም ቀን አልሄደም። ልጃቸው ቀርቶ እኔ መጣሁ ብዬ በየትኛው ፊቴ በራቸውን አንኳኳለሁ አለኝ። ዴኩን አየሁት። እሱም አየው።


እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ቅበላ

ነገ ጾም ይገባል። ዶሮ ሠራሁ። በመጪው ቅዳሜ ራቤል እንሄዳለን። ያለው እሱ ነው፤ ድስት እያማሰልኩ ሳለ፣ እንደ ተራ ወሬ። እማማ ብርቄ ከእህታቸው ልጅ ጋር ከተማው ውስጥ ናቸው አሉ፤ ቴሌቪዥን አላቸው፣ መብራትም አለ። ለሰይድ ሁለቱን መለስኩ፣ የትንሿን ከፈልኩ። የምንሄድበትን ስነግረው ዴክ መንገድ ላይ ሲነቀነቅ ዲስኩን የሚያነበው መነጽሩ ይናጋል፣ በጋቢ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ ያዢው፣ ኮርቻ ሥር እንዳታደርጊው አለኝ። በፈረስ የምንሄድ መስሎታል።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ ራቤል

በአይሱዙ መጣን። ጓሳ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ ሣሩ ነጭ ነው። ዴኩ ጭኔ ላይ። መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔም ከፍ አድርጌ ያዝኩት፣ እንደ አራስ ልጅ።

እማማ ብርቄ ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ደምሴ ጉልበታቸውን ስሞ የጌታሁን ጓደኛ ነኝ፣ ድምፁን ይዤ መጥቻለሁ አላቸው። እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ቆዩ። ገመዱን እኔ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁ። የእህታቸው ልጅ ግን ፈራች፤ ጾም ነው፣ ዘፈን በቤታችን ተከፍቶ ጎረቤት ምን ይላል አለች። ደምሴ እጁን ወደ ኋላ ሳበ።

"ልጄ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም" አሉ እማማ። "ክፈቱት።"

የቴሌቪዥን እስፒከር ደካማ ነገር ነው። ፈራሁለት። ግን ዴኳ አላሳፈረችኝም። ያችው ዝምታ፣ ያው ትንፋሽ። አራቱ ገቡ። የትኛው እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ቀጭኑ ድምፅ ሲነሣ እማማ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። አላለቀሱም። ጭንቅላታቸው ብቻ ከሱ ጋር ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የእህታቸው ልጅ ከፍ ልታደርገው ስትል ተዪው፣ ሲናገርም ቀስ ብሎ ነበር አሏት።

ያ ቦታ ደረሰ። ድምፁ ሲወድቅ፣ ሌላው ሲይዘው።

"ይሄ ልጄ የደገፈው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

ደምሴ መሬት መሬት ያያል።

"አብራችሁ ነበራችኋ" አሉ። ከዚያም፣ "በል ቅረብ። እህል ቅመስ።"

ያን ጊዜ ነው ደምሴ ያለቀሰው። እሳቸው ንፍሮውን ወደሱ ገፋ አደረጉለት፣ ብላ ብላ እያሉ።

አሁን ሁሉም ተኝተዋል፤ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። ነገ ስንሄድ ዴኩ ከነዲስኩ እዚሁ ይቀራል። ያልኩት እኔ ነኝ። ደምሴ ለሙዚቃ ስትለፊ ከርመሽ አለኝ። የለፋሁት ለዚህም አይደል አልኩት። ግን እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፦ ያሳሳኛል። ያቺን ቆርቆሮ ወድጃታለሁ። የባሌ ድምፅም አብሯት መቅረቱ ነው። ይቅር።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 27፣ ከገበያ መልስ

ቤቱ ጭር ብሏል። እስፒከሮቹ ጥግ ላይ ቆመዋል።

ሰይድን አገኘሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆይቶ አላህ ያጽናቸው አለ። ከዚያ ወደ ንግዱ ተመለሰ፤ ያን ዓይነት አልቋል፣ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ ትልቁ ግን አለ፣ ቀንሼ እሰጥሻለሁ አለኝ። አሰብኩ። ብርማው ቀፎ ታየኝ። ጋኑም ታየኝ። እምቢ አልኩ። ያችኑ ዓይነት እስክታመጣ እጠብቃለሁ፤ ቢከርምም ይክረም። ወስኛለሁ።

ለደምሴ ነገርኩት። እጁን ታጥቦ ሲጨርስ እስከዚያ ምን ልትሰሚ ነው አለኝ። እንጃ አልኩት። በሩን ገርበብ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩ ሲገባኝ ጾም ነው እኮ አልኩት። ቀስ ብዬ ነው፣ ጎረቤት አይሰማም አለኝ። ብዕሩን አስቀምጪ ይለኛል። ቆይ ይቺን ልጨርስ ብለው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ እንግዲህ