ፎርማሊን ውስጥ የከተትኩት ናሙና

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ጠዋት ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። ከታካሚዬ ከጋሽ ታደሰ የአንገት እብጠት በመርፌ ወስጄ የላክሁት ናሙና ከንቱ ሆኗል። ሊምፎማ፣ የንፍፊት ካንሰር፣ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የፍሎው ሳይቶሜትሪ ማሽን የሚያነበው በሕይወት ያለ ሴል ነው። እኔ ግን ከሚዛን ሆስፒታላችን የሚሄደውን ናሙና ሁሉ፣ መንገድ ላይ እንዳይበላሽ እያልኩ ማቆያው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ውስጥ መክተት ስለለመድኩ፣ ይሄንንም ከተትኩት። ሴሎቹን የገደልኳቸው እኔው ነኝ።

ከሰዓት ጋሽ ታደሰ ውጤት ሊሰሙ ከሸዋ ቤንች መጡ። ጥፋቴን ነገርኳቸው። ተናግሬ ሳልጨርስ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

«አይዞሽ ዶክተር፣ ድገሚው» አሉኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እብጠቱን ያገኘሁት በጣቴ ዳስሼ፣ ፈልጌ ነበር። ዛሬ መፈለግ አላስፈለገኝም።